ያልተወዛወዘ እጅ

ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ በግራ እጁ አንጓ ላይ፣
ጥቁር የጎማ አምባር፣ ሲነኩት ብርሃን የሚያሳይ።
በነሐሴ ነው ያመጡት፣ ዓሣ ገበያው መሃል ወድቆ፤
ሐኪሙ የብረት መረብ፣ ደም ሥሩ ውስጥ ደብቆ
ልቡን መለሰለት።
ቀሪው የእኔ ሥራ ነው፤ ቁጭ አድርጌ መከርኩት።

«ሴኞር ቤልሚሮ» አልኩት፣ «ይህ ዕቃ ይቆጥራል፤
ሲራመዱ ያውቃል፣ ሲቀመጡም ያውቃል።
አምስት ሺህ እርምጃ ነው፣ የልብዎ መድኃኒት፤
ውሎዎን ይልክልኛል፣ በየቀኑ ሌሊት።»
እጁን ገለባብጦ፣ አየው በዝምታ፤
አርባ ዓመት በፋብሪካ፣ ክዳን ሲመታ፣
ሰርዲን ሲያሽግ የኖረ፣ ጣቱን ጨው የበላ፤
«ደግሞ በጡረታዬ፣ አለቃ መጣ በላ!»
ብሎ ሳቀና ወጣ።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ።
ሰኞ፦ አራት መቶ ሰባት። ማክሰኞ፦ ሦስት መቶ።
ረቡዕ ከዚያም ያንሳል። ሐሙስ፣ ዝናብ ገብቶ፣
ሁለት መቶ አሥራ አንድ።
በኮምፒውተሬ ላይ፣ የሌላው ሰው ተራራ፣
የእሱ መስመር ሜዳ፣ ሣር እንኳ የማያፈራ።

ደወልኩ። ተቆጣሁ። ቁጣዬም ደግነት መሰለኝ።
«ቀኑን ሙሉ ተኝተው ነው? እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤
ልብ ሰነፍ ፈረስ ነው፣ ካልነዱት ይወድቃል።»
«እኔስ እሄዳለሁ» አለ፤ «ጫማዬ ያውቃል።»
ጫማው ያውቃል! ይህችን፣ ፋይሉ ላይ ጻፍኳት፦
‹ታካሚው ይክዳል።› በቀይ አሰመርኩባት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጄን ብስክሌት ላስተምር
ወረድኩ ወደ ማቶዚኞሽ፣ ወደ ሞገዱ አጥር።
ዓሣ ጠባሾች ከሰል፣ በየደጁ ያራግባሉ፤
የባሕር ወፎች ከላይ፣ ዋጋ እንደሚከራከር ይጮኻሉ።
አየሁት ቤልሚሮን፣ ጎንበስ ብሎ ሲገፋ፣
ጎማ ያለው ወንበር፣ በድንጋይ ንጣፉ ሲለፋ፤
ወንበሩ ላይ ኦቲልያ፣ ሚስቱ፣ ግማሽ ጎኗ የታሰረ፣
አንገቷ ወደ ባሕሩ፣ እንደ ሱፍ አበባ የዞረ።

እጆቹ መያዣው ላይ፣ ልክ እንደ ተቸነከሩ።
ንቅንቅ የለም።
አምባሩ እግር አያውቅም፣ ክንድን ነው የሚሰማ፤
እጁ የረጋውን ሰው፣ ተኝቷል ብሎ ነው የሚያማ።
ከቤት እስከ ባሕሩ መብራት፣ ደርሶ መልስ፣ ሁለቴ በቀን፤
አንድ ስንዝር አልቆጠርንለት፣ እኔና ማሽኔ ተባብረን።

ይቅርታ ልለው ስጣደፍ፣ ልጄ ወደቀ ከብስክሌቱ፤
ጉልበቱን ጠርጌ ቀና ስል፣ አልነበሩም ሁለቱ።

ሰኞ ደወልኩ አፍሬ። «እግርዎ ላይ ይሰሩት» አልኩኝ።
«ተዪው፤ ኦቲልያ ወድዳዋለች፣ ከእጄ ላይ አታስፈቺኝ።
በደኅናዋ ጣት ስትነካው፣ ይበራል፤ ትስቃለች፤
ከቋንቋ የቀራት አንድ ቃል ነው፤ ‹ስንት?› ትላለች።
‹አሥር ሺህ› እላታለሁ።»

በጥር አራት ቀን ሙሉ፣ ከአምባሩ ምንም አልመጣ፤
ባትሪው አልቆ ይሆናል ብዬ፣ ተዘጋጀሁ ዳግም ልቆጣ።
ከዚያ በአምስተኛው፣ መስመሩ ቀና አለ።
ሁለት ሺህ። አራት ሺህ። ስድስት ሺህ ዘለለ።
ማሽኑ አረንጓዴ ኮከብ፣ «ጎበዝ!» ብሎ ላከ፤
እንኳን ማሽኑ ሐኪሙ፣ በውጤቱ ተማረከ።

እኔ ብቻ ቀዘቀዝኩ።
እጁ ተፈታ፤ ክንዱ፣ ወዲህ ወዲያ ይላል፤
የሚይዘው ያጣ እጅ ነው፤ ባዶ ሲሆን ይወዛወዛል።

መጋቢት ላይ መጣ፣ ለምርመራ፣ ጫማ ቀይሮ፤
ልቡን አዳመጥኩት፤ ይመታል፣ እንደ ክዳን በቆርቆሮ።
«ጥሩ ነው» ልለው ፈልጌ፣ ቃሉ አፌ ላይ ደረቀ፤
እሱም አምባሩን ነካ፣ አበራ፤ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦
«ስንት?»

አልመለስኩም። ፋይሉን ከፍቼ፣ ያቺን ቀይ መስመር ፈለግኳት፤
ማሽኑ፣ የቆየ ጽሑፍ፣ አይሰረዝም አለኝ። ተውኳት።